የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና የተማሪዎች የአእምሮ ዕድገት፦ ስለ ማስረጃዎቹ የቀረበ ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ በብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ አስቀድሞ ክፍለ ጊዜውን የሚለቀው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነው። ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ተጨማሪ ሰዓት ባስፈለገ ጊዜ ርእሰ መምህሩም ሆነ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ዓይናቸውን የሚጥሉት በእርሱ ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ከተገለጸ ወዲህ እያንዳንዱ የትምህርት ደቂቃ ለፈተና ውጤት ምን እንዳበረከተ ይጠየቃል። በፈተናው ውስጥ ቦታ የሌለው ትምህርትም ስለ ራሱ ጠበቃ እንዲቆም ይገደዳል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ የአካል እንቅስቃሴ አእምሮን ያነቃቃል፣ አእምሮው የነቃ ተማሪም የተሻለ ውጤት ያመጣል የሚል ነው። መልሱ በስብሰባና በሥልጠና ጊዜ ተደጋግሞ ከመነገሩ የተነሣ ማስረጃ የማያሻው እውነት መስሏል። ይሁን እንጂ ክፍለ ጊዜን የሚያስከብር ክርክር በሚዛን ላይ ወጥቶ የሚቆም መሆን አለበት። ክርክሩ ከማስረጃው የገዘፈ ከሆነ አንድ ጠንቃቃ ዕቅድ አውጪ በመረመረው ቀን ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ትምህርቱን ይዞት ይወድቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ የቆመባቸውን ዋና ዋና ጥናቶች አንድ በአንድ መመርመርና ከእነርሱ ምን ያህል መናገር እንደሚቻል ማመልከት ነው። የምንደርስበትን አሳብ አስቀድመን ብንገልጽ፣ የአካል እንቅስቃሴ የፈተና ውጤትን ከፍ ያደርጋል የሚለው አባባል እስካሁን በጽኑ መሠረት ላይ አልቆመም። ነገር ግን ለሰውነት ማጎልመሻ የተሰጠ ሰዓት የቀለም ትምህርትን ውጤት አይጎዳም የሚለው አባባል ከእርሱ እጅግ የጠነከረ ነው። ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው።

1. ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች

ጤናማ አካልን ከጤናማ አእምሮ ጋር የሚያያይዘውን አባባል የማያውቅ መምህር የለም። የአባባሉ ምንጭ ሮማዊው ባለቅኔ ዩቬናል ነው። ባለቅኔው ሁለቱን አብሮ የጠራቸው ግን ሰው ከአማልክት ሊለምን የሚገባውን ሲዘረዝር ነበር፤ አንዱ ሌላውን ያስገኛል አላለም። ምኞት ሆኖ የተነገረው ቃል በዘመናት ሂደት የተፈጥሮ ሕግ ሆኖ ተወሰደ። በዘመናችን የሚደረገው ክርክርም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስሕተት ላይ ይቆማል።

ስሕተቱን ለማስወገድ ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ አካላቸው የጠነከረ ተማሪዎች በትምህርታቸውም የተሻሉ ናቸው ወይ? የሚል የተዛምዶ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ አንድን ተማሪ ይበልጥ እንዲንቀሳቀስ ብናደርገው ትምህርቱ ይሻሻላል ወይ? የሚል የመንሥኤና የውጤት ጥያቄ ነው። ሦስተኛው፣ ለእንቅስቃሴ የሚሆነውን ሰዓት ከቀለም ትምህርት ላይ ብንወስድ የቀለም ትምህርቱ ይጎዳል ወይ? የሚል የዋጋ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በአብዛኛው አዎን ነው። ሆኖም በደንብ የበላ፣ ሕክምና ያገኘ፣ ሰፊ ግቢ ያለውና ወላጆቹ የተማሩ ልጅ በሩጫውም በንባቡም ብልጫ ቢያሳይ የሁለቱም ምንጭ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተዛምዶ ብቻውን ለዕቅድ መሠረት አይሆንም። ዕቅድ አውጪው በየዕለቱ የሚጋፈጠው ሦስተኛውን ጥያቄ ሆኖ ሳለ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ነው።

2. የትሯ ሪቪዬር ሙከራ

ሦስተኛውን ጥያቄ በቀጥታ ካነሡት ሙከራዎች መካከል ታላቁ በካናዳ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ በትሯ ሪቪዬር ከተማና በገጠሩ ፖን ሩዥ፣ ከእ.ኤ.አ. 1970 እስከ 1977 ድረስ የተካሄደው ነው። ሙከራውን ከመሩትና ውጤቱን ለዓለም ካሳወቁት ምሁራን መካከል ሮይ ሼፈርድና ኡግ ላቫሌ ይገኛሉ። በሙከራው የተካተቱት 546 የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የሙከራው ክፍሎች በሳምንት 5 ሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በሙያው ከሠለጠነ መምህር ተሰጣቸው። የማነጻጸሪያዎቹ ክፍሎች ግን በሳምንት 40 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ከመደበኛው የክፍል መምህራቸው ይማሩ ነበር። ተጨማሪው ሰዓት የተገኘው የቀለም ትምህርትን ጊዜ ከ13 እስከ 14 ከመቶ ያህል በመቀነስ ነው።

ውጤቱ ብዙዎችን አስገርሟል። በአንደኛ ክፍል የማነጻጸሪያው ቡድን ትንሽ ብልጫ ያሳየ ቢሆንም፣ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የሙከራው ቡድን አማካይ ውጤት ከፍ ያለ ሆነ። በተለይም በሒሳብ ብልጫው ጎልቶ ታይቷል። ከሰባት ሰዓት አንዱን ያህል የቀለም ትምህርት ያጣ ክፍል ከሌላው አላነሰም ማለት ነው። ሙከራው እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሙከራውን ስናደንቅ ግን ሦስት ድክመቶቹን መዘንጋት አይገባም። በመጀመሪያ፣ ተማሪዎቹ በሁለቱ ቡድኖች የተመደቡት በዕጣ አልነበረም። ማነጻጸሪያ የሆኑት በእነዚያው ትምህርት ቤቶች ከሙከራው ክፍል በፊትና በኋላ የገቡ ተማሪዎች ናቸው። በዚህ ዘዴ የአካባቢና የትምህርት ቤት ልዩነት ይወገዳል፤ በዓመታት መካከል የሚኖረው ልዩነት ግን አይወገድም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አብዛኛው ውጤት የክፍሉ መምህር የሰጠው ማርክ ነው። መምህሩ ተማሪው በየትኛው ቡድን እንዳለ ያውቃል። አዲስ ሙከራ በሚካሄድበት ክፍል መምህሩ ከተማሪዎቹ ብዙ ሊጠብቅ፣ የጠበቀውንም ሊያይ እንደሚችል ማርክ የሰጠ ሁሉ ያውቃል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ልዩ መምህር ልጆቹን ወደ ሜዳ ይዞ በሚወጣበት ሰዓት የክፍሉ መምህር ከማስተማር ያርፋል። በዚያ ጊዜ ደብተር ሊያርም፣ የነገውን ትምህርት ሊያዘጋጅ ይችላል። እንግዲህ የውጤቱ መሻሻል የመጣው ከልጆቹ ሩጫ ነው ወይስ ከመምህሩ ዝግጅት? ሙከራው ሁለቱን አይለይም። የማስተማር ሸክሙን ለሚያውቅ መምህር ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

እነዚህ ድክመቶች አንዱን መደምደሚያ ያዳክማሉ፤ ሌላውን ግን እምብዛም አይነኩም። እንቅስቃሴው ውጤቱን ከፍ አደረገ የሚለው በእርግጥ ያጠራጥራል። ይሁን እንጂ ለስድስት ዓመት የቀለም ትምህርት ሰዓት ተቀንሶ ሳለ ውጤቱ አልወደቀም የሚለውን ለማፍረስ፣ ከላይ የተቆጠሩት ምክንያቶች ተደምረው ታላቅ ጉዳትን መሸፈን ችለዋል ማለት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ እጅግም አሳማኝ አይደለም።

3. ሌሎች የትምህርት ቤት ሙከራዎች

ከትሯ ሪቪዬር ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ቫንቭ ዶክተር ማክስ ፉሬስቲዬ ተመሳሳይ ሙከራ አካሂደው ነበር። ጠዋቱ በአብዛኛው ለቀለም ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላው ለአካል እንቅስቃሴ ተመደበ። የልጆቹ ጤናና ሥነ ሥርዓት መሻሻሉ፣ ትምህርታቸውም አለመጎዳቱ ተዘግቧል። ሙከራው ፈር ቀዳጅ በመሆኑ ሊከበር ይገባዋል፤ ሆኖም የዛሬው ተመራማሪ የሚጠይቀውን ጥብቅ ማነጻጸር ስለማያሟላ እንደ ማስረጃ ክብደቱ ትንሽ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1978 በደቡብ አውስትራሊያ የተካሄደው ሙከራ ይበልጥ የተስተካከለ ነበር። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆች በየቀኑ 75 ደቂቃ ለ14 ሳምንታት እንቅስቃሴ ሲያደርጉ፣ በሒሳብና በንባብ ፈተና ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ልዩነት አልታየባቸውም። አካላቸው ግን ጠንክሯል። የክፍል ጠባያቸው መሻሻሉንም መምህራኑ ተናግረዋል። 14 ሳምንት አጭር ጊዜ ነው፤ ቢሆንም የሙከራው መልስ ከትሯ ሪቪዬር መልስ ጋር አንድ ነው፤ ጉዳት የለም።

በሦስተኛ ደረጃ የምንጠቅሰው በእ.ኤ.አ. 2017 ውጤቱ የታተመውን የአሜሪካውን የካንሳስ ሙከራ ነው። በ17 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሒሳብንና ቋንቋን በእንቅስቃሴ እያዋዙ እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ ግቡም በሳምንት 100 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ የተመደቡት በዕጣ ነው። 584 ልጆች ለሦስት ዓመት ክትትል ከተደረገባቸው በኋላ በሁለቱ ወገኖች የትምህርት ውጤት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት በሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም አይጠቀስም። የማይጠቀስበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም፤ የሚጠበቀውን ዜና አላመጣም። ሆኖም በጥንቃቄ ላነበበው ሰው ሁለት ነገር ያስተምራል፦ እንቅስቃሴ በራሱ ማርክ አያመጣም፤ ማርክም አይቀንስም።

4. ስለ አንጎል የተደረጉ ጥናቶች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ገብቷል። የአንጎል ሥዕል የሚያነሡ መሣሪያዎች ስለተገኙ፣ በመምህራን ሥልጠና ላይ ይህ አካል ሰፋ፣ ያኛው ክፍል ነቃ የሚል ንግግር ይሰማል። ሥዕል ከቁጥር ይልቅ ስለሚያሳምን በዚህ ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል።

በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው በእ.ኤ.አ. 2011 ከርክ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነው። ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በእግር የተጓዙ ሰዎች፣ ለማስታወስ ችሎታ ታላቅ ድርሻ ያለው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍላቸው 2 ከመቶ ያህል እንደጨመረ ተገልጿል። ጥናቱ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን የተጠኑት 120 ሰዎች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 ዓመት ነበር። የሽማግሌ አንጎል ከመመንመን መዳኑ ገና በማደግ ላይ ስላለው የልጅ አንጎል ምንም አያረጋግጥም። ይህን ጥናት ለሰባተኛ ክፍል የክፍለ ጊዜ ድልድል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም።

በልጆች ላይ የተደረጉም አሉ። በእ.ኤ.አ. 2010 ሎራ ቻዶክና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆኑ 49 ልጆችን መርምረው፣ አካላቸው የጠነከረው ልጆች ሂፖካምፐሳቸው ሰፋ ያለ፣ በአንድ ዓይነት የማስታወስ ፈተናም የተሻሉ መሆናቸውን አገኙ። ይህ ግን ከላይ እንዳልነው የተዛምዶ ጥያቄ መልስ ነው። ቁጥሩም ከአንድ የእኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር አይበልጥም።

ከሁሉ የሚሻለው ቻርልስ ሂልማንና ባልደረቦቹ በእ.ኤ.አ. 2014 ያሳተሙት ነው። ከ7 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 221 ልጆች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለዘጠኝ ወር ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየዕለቱ በተዘጋጀ የእንቅስቃሴ ትምህርት ተሳተፉ። እነዚህም ትኩረትን በሚረብሽ ነገር ሳይሳቡ በመያዝና ከአንድ ተግባር ወደ ሌላው አሳብን በማዛወር በሚለካ ፈተና መሻሻል አሳይተዋል። ብዙ ቀን የተገኙት ይበልጥ ተሻሽለዋል። እዚህ ላይ የመንሥኤው ጥያቄ የተሻለ መልስ አግኝቷል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይታወሱ። አንደኛ፣ ማነጻጸሪያዎቹ ልጆች በዚያ ሰዓት ምንም አልተዘጋጀላቸውም ነበርና፣ ከእንቅስቃሴው ውጭ ያለው የአዋቂዎች ክትትልና የጓደኞች ጨዋታ ምን ያህል እንደረዳ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ እንቅስቃሴው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ስለነበረ የቀለም ትምህርት ሰዓት ሲቀነስ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

5. ጥናቶቹ በአንድነት ሲታዩ

አንድ ጥናት መርጦ ማንም የወደደውን ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ጥናቶቹን ሰብስበው የመዘኑትን ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በእ.ኤ.አ. 2010 ባወጣው ዘገባ 50 ጥናቶችን መርምሮ 251 ግንኙነቶችን ቆጥሯል። ከእነዚህ ውስጥ 50.5 ከመቶው በጎ፣ 48 ከመቶው ልዩነት የሌለው፣ 1.5 ከመቶው ብቻ ጎጂ ነበር። ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድ አሚካ ሲንግና ሌሎች ባለሙያዎች ስብስብ 58 የሙከራ ጥናቶችን ሲመዝኑ ከፍተኛ ጥራት ያላቸው 11 ብቻ ሆነው አግኝተዋል። ስለ አእምሮ ችሎታ በአጠቃላይ ማስረጃው የሚያስደመድም እንዳልሆነ፣ በሒሳብ ውጤት ረገድ ግን ጠንካራ እንደሆነ ገልጸዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ማንበብ ለሚወድ ሁለት መንገድ አለ። በጎውን ወገን የሚያይ ግማሹ ይጠቅማል ይላል ብለን ደስ ሊለን ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሦስተኛው ቁጥር ነው። ጉዳት የተገኘው ከመቶ በሁለት እንኳን አይሞላም። ሰዓቱን መቀማት ለፈተና ይጠቅማል የሚል ሰው ማስረጃ የሚያገኝበት ቦታ እጅግ የጠበበ ነው። እስካሁን ማስረጃ እንዲያቀርብ ሲጠየቅ የኖረው የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነበር፤ በእርግጥ ግን ሊጠየቅ የሚገባው ክፍለ ጊዜውን የሚወስደው ወገን ነው።

6. ወደ አገራችን ሁኔታ ስንመለስ

ከላይ የተመለከቱት ጥናቶች ሁሉ የተደረጉት በበለጸጉ አገሮች ነው። የተጠኑት ልጆች በአብዛኛው ቁርሳቸውን በልተው፣ በተሽከርካሪ ተጉዘው፣ ቀኑን በወንበር የሚያሳልፉ ናቸው። በገጠር ያለው ተማሪያችን ግን ከብት አስማርቶ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው ወደ ክፍል የሚገባው። ለዚህ ልጅ የጎደለው የጉልበት ሥራ አይደለም። በባዶ ሆድ የመጣውን ልጅ በጠራራ ፀሐይ ማሯሯጥ አእምሮውን ያነቃል ብሎ ማሰብ የውጭውን ጥናት ያለ ቦታው መትከል ነው። ለእርሱ ሰውነት ማጎልመሻ ሊሰጠው የሚገባው ጨዋታ፣ የእጅና የእግር ቅልጥፍና፣ በቡድን የመሥራት ልማድና ስለ ጤናው የሚሆን ዕውቀት ነው። በፈረቃ የሚማረውና በጠባብ ሰፈር የሚያድገው የከተማ ልጅ ግን በጥናቶቹ ወደተገለጹት ልጆች ይቀርባል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መርሐ ግብር ማውጣት አይገባም።

ሌላው ነገር በክፍለ ጊዜው ውስጥ በእርግጥ የሚሆነው ነው። በሰሌዳው ላይ 40 ደቂቃ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን 60 ተማሪና አንድ ኳስ ባለበት ሜዳ 22ቱ ሲጫወቱ 38ቱ ይመለከታሉ። ከሚመለከቱት መካከል ሴት ልጆች ይበዛሉ። ሜዳ በሌለበት ደግሞ ትምህርቱ በጠመኔና በማስታወሻ ይሰጣል፤ ተማሪው የመረብ ኳስ ሜዳን ርዝመት ጽፎ ይይዛል እንጂ ኳሱን አይነካም። እንዲህ ያለው ክፍለ ጊዜ በትሯ ሪቪዬር ከተሰጠው ጋር በስም እንጂ በግብር አንድ አይደለም። ስለዚህ በእነዚያ ጥናቶች ስም ክፍለ ጊዜ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ልጆቹ ስንት ደቂቃ በእርግጥ እንደሚንቀሳቀሱ መቁጠር አለበት።

የሴቶቹን ነገር በተለይ ማንሳት ያስፈልጋል። የትሯ ሪቪዬር ተማሪዎች ለዐቅመ አዳምና ሔዋን ከደረሱ በኋላ በተደረገው ክትትል፣ ከሙከራው ክፍል የወጡት ሴቶች ከማነጻጸሪያዎቹ ይልቅ አዘውትረው እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ፍሬ በማንኛውም የማርክ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ሆኖም ትምህርት ለሕይወት ነው ካልን ከማርክ የሚያንስ አይደለም። በአገራችንም በቆጂ ላይ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰውነት ማጎልመሻ ያስተምሩ የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነደራርቱ ቱሉንና እነቀነኒሳ በቀለን ገና በልጅነታቸው እንዳሠለጠኑ የታወቀ ነው። የእኒህ መምህር ሥራ በሒሳብ ፈተና ቢመዘን ኖሮ ምን ያህል በጎደለ ነበር!

ማጠቃለያ

ከዚህ ግምገማ አራት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ፈተና ሲቃረብ የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማዛወር ውጤት ከፍ ያደርጋል የሚለው ልማድ በማስረጃ አልተደገፈም፤ ሊቀር ይገባዋል። ሁለተኛ፣ መምህራኑም በበኩላቸው ማርክ እናሳድጋለን ብለው ቃል ከመግባት ቢቆጠቡ ይሻላል። ማርክ ሳይጨምር የቀረ ዕለት ቃሉ በራሳቸው ላይ ይመሰክርባቸዋልና። ሦስተኛ፣ ጉዳት የለም የሚለው ማስረጃ ገደብ አለው። ሰዓቱ በ13 ወይም በ14 ከመቶ ሲቀነስ የታየውን ከዚያ በላይ ለሚደረግ ቅነሳ ዋስትና ማድረግ አይቻልም።

አራተኛው ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርብ ነው። ጥያቄውን በራሳችን ልጆች ላይ መመርመር ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በአንድ ወረዳ ውስጥ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ወገን ክፍለ ጊዜው ሳይነካ በሙሉ እንዲሰጥ ማድረግ፣ ፈተናውን ተማሪዎቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ በማያውቁ መምህራን ማሳረም፣ የእንቅስቃሴውን ደቂቃ፣ የቀሪ ተማሪዎችን ቁጥርና ልጆቹ በልተው መምጣታቸውን መዝግቦ መያዝ ይበቃል። ገጠሩና ከተማው ተለይተው፣ ወንዶቹና ሴቶቹም ለየብቻ ይታዩ። የትሯ ሪቪዬርን ድክመት ያየ ሰው ያንኑ ድክመት አይደግመውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለፈተና ሩጫ ተብሎ በጥድፊያ የታሰረ ክርክር በዚያው ሩጫ መካከል ይፈታል። ልጅ አካል ያለው ፍጥረት ሆኖ ወደ ክፍል ይገባል። ለአካሉ የሚሰጠው ሰዓት ከትምህርቱ የተሰረቀ እንዳልሆነ ማስረጃው ያሳያል። ለመምህሩ ይህ ይበቃዋል፤ ከዚህ የበለጠውን ለማለት ግን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።